ለቃለ መጠይቅ ምን ልልበስ?

"ጋሼ፣ ለስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ ምን ልልበስ?" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎሽ ይሆናል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዓመታት በፊት የተቸገሩ ጎበዝ ተማሪዎችን የሚረዳ ድርጅት ውስጥ የመራጭ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግቡና ዶርሙማ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት ነው፤ በልተህ ተኝተህ ትማራለህ፣ ስትመረቅ ከደሞዝህ ይቆረጣል። እኛ የምንሰጠው ለኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለመሳፈሪያ የምትሆን የኪስ ገንዘብ ነበር። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን እሷን አጥቶ ግቢውን ጥሎ የወጣ ልጅ አውቃለሁ።

አንድ ልጅ ገባ። ማመልከቻው ላይ ሊስትሮ እየሠራ እንደተማረ ጽፏል፣ የቀበሌ ደብዳቤም አያይዟል። የለበሰው ግን ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ጥርት ብሎ የተተኮሰ። እጅጌው ረዝሞበት በመለሰ ቁጥር ወደ ላይ ይሰበስበዋል። ክርኑ ላይ በወፍራም ክር የተሰፋ ቀዳዳ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም። ሲወጣ "ይሄማ የደህና ቤት ልጅ ነው" አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም።

ማታ ስወጣ ያካፋል። የበራችን ጥበቃ ያንኑ ኮት ደርቦ ቆሟል። ክሩ ሳይቀር ያው ነው።

"ይሄ ኮት..." አልኩት።

"ለአንድ ልጅ አውሼው ነበር ጌታዬ። አለፈ እንዴ?"

"ገና አልታወቀም" አልኩት። ውሸቴን ነው። ዝርዝሩ የተለጠፈው በማግስቱ ነው፣ ማስቀየር እችል ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል ብዬ ተውኩት። ጥበቃው ሰላምታውን አንድም ቀን አላጓደለብኝም። በጓሮ በር መግባት የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ተውሰሽ አትልበሺ። ቆይ፣ በነተበ ሸሚዝ የመጣውንም "አልተዘጋጀም" ብለን የጣልንበት ቀን ነበር። በቃ ደስ ያለሽን ልበሺ፣ የውሰት ከሆነ ግን ሳትጠየቂ ተናገሪ።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሞቲቬሽን ሌተር፣ ማለትም ዕድሉ ለምን እንደሚገባችሁ የምታስረዱበትን ደብዳቤ፣ ከቴሌግራም ትገለብጣላችሁ፤ ሁሉም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓለምን ሊለውጥ ነው። ይሰለቻል! ይልቅ ትምህርት ቤትሽ ስንት ልጅ እንዳሳለፈ ጻፊ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ ይበልጣሉ። ላብራቶሪ በዓይኑ ሳያይ 52 ያመጣና አስጠኚ ተቀጥሮለት 75 ያመጣ እንዴት እኩል ይመዘናሉ? ካልነገርሽው ግን ኮሚቴ የሚያየው ቁጥሩን ነው።

የልጁን ስም እስከ አያቱ አስታውሰዋለሁ። ፈልጌው ግን አላውቅም።