መልስ፦ ሲምፕሰን በረሃ ላይ የኋለኛዋ መኪና ብቻ ለምን ትቀራለች?
አውስትራሊያ ውስጥ ባለው ሲምፕሰን በረሃ ተከታትለው ከሚሄዱት አምስት መኪኖቻችሁ የኋለኛዋ ብቻ መውጣት አቅቷት አሸዋው ኮረብታ አናት ጋ የምትቀረው የፊተኞቹ ጎማ ንፋስ በዝቶበት ስለጠነከረ ነው። በጠንካራ ጎማ ሲፈትጉ መንገዱን ይቆፍሩታል፤ ጉድጓዱ ለእሷ ይተርፋል። የሁሉንም ንፋስ ወደ 16 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) አውርዱ፤ ጭነት የበዛባት 18 ይሁንላት።

ሪዶታ (ዝግ ብሎ በጉልበት የሚያስኬደውን ማርሽ) አስገቡ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውጡ፣ መሀል ላይ ማርሽ አትቀይሩ። የቀደመው ወርዶ በሬዲዮ «አልፌያለሁ» ሳይል ቀጣዩ አይነሳ። በምሥራቅ ካለችው የበርድስቪል ከተማ በኩል ከገባችሁ ደግሞ የኮረብታዎቹ የምሥራቅ ጎን ቀጥ ያለ ስለሆነ ይብሳል።

መኪናዋ መውጣት ካቃታት ጋዝ አትርገጡ፤ በመጣችበት ዱካ ቀጥ ብላ ወደኋላ ትውረድ። ጎን ከዞረች ትገለበጣለች።

አንድ ነገር፦ ስትጎትቱ ገመዱን ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ላይ በፍጹም እንዳታስሩ። ኳሱ ተሰብሮ ሲወነጨፍ መስታወት በስቶ ሰው ይገድላል። ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረውን መጎተቻ ተጠቀሙ።