ሰው ሲጨፍር ካሜራው ይቁም

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ካሜራው እየበረረ ሄሞግሎቢን ውስጥ እንዲገባ ፓይሞል ላይ ምን ልበል?» አለችኝ። ፓይሞል የሞለኪዩልን ቅርጽ በኮምፒውተር የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን። ትእዛዙን ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ። ጥያቄዋ ግን የቆየ ጸጸት ቀስቅሶብኝ ስገላበጥ አደርኩ።

ድሬዳዋ ባዮኬሚስትሪ የማስተምርበት ጊዜ ነበር። የድሬን ከሰዓት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከተማው ጋደም ሲል እኛ መጋረጃ ዘግተን፣ በላብ ተጠምቀን፣ አንዷን ፕሮጀክተር ከፍተናል። ከውጭ የመጣ አጭር አኒሜሽን ነው፤ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያል ተብሎ። ሙዚቃ አለው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ካሜራው ለአፍታ አያርፍም። ሲያልቅ ክፍሉ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጠ፣ ከሐረር የመጣ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ የዞረው ሞለኪዩሉ ነው ወይስ እኛ ነን?» አለ።

ሁሉም ሳቀ። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ መሳል ስጀምር መብራት ሄደ፤ ሰዓቱም አለቀ። ቀጠሮ ይዘን ተለያየን። ልጁ ግን አልተመለሰም፤ ቤተሰቡ ችግር ገጥሞት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ንግድ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ብዙ ተማሪ ብዙ ነገር ጠይቆኛል፤ የነገሩን እምብርት የነካው እሱ ነበር፤ መልሱን ሳይሰማ መሄዱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስቲ አስቡት። ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለት አለው፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ። ኦክስጅን ሲይዝ አንዱ ጥንድ ከሌላው አንፃር የሚዞረው 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ሳይንቲስቱ ማክስ ፔሩትዝ ዕድሜውን የሰጠለት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ሞለኪዩል ምስጢሩ እዚያች ትንሽ ዞር ማለት ላይ ነው። ፊልሙ ላይ ካሜራው በዚያው ቅጽበት 360 ዲግሪ ይዞራል። 15ቱ ተዋጠ። ከሞለኪዩሉ ጀርባ ያለው ጥቁር ብቻ ነው፤ ግድግዳ የለ፣ መሬት የለ። ዓይን የነገሩን መዞር ከራሱ መዞር በምን ይለየዋል?

መፍትሔውን ያገኘሁት እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። (ያኔ አሮጌው ባቡር ገና ይሠራ ነበር፤ ከጅቡቲ የሚመጡት የሙሽራው ዘመዶች ምሳው ካበቃ በኋላ ደርሰው የተፈጠረውን ግርግር ሌላ ቀን አጫውታችኋለሁ።) ቪዲዮ አንሺው ጭፈራው ሲደምቅ ካሜራውን ተክሎ ዝም ይላል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። እንደ ድሬ ልጅነቱ አንተ እያለ፣ «አቦ መምህር፣ ተወኝ! ሰው ሲጨፍር እኔ እቆማለሁ፤ ሰው ሲቀመጥ እኔ እዞራለሁ። ሁላችንም ከጨፈርን ምን ታያለህ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ራሴ ሠራሁት። መጀመሪያ ሞለኪዩሉ ባለበት ረግቶ ካሜራው በዝግታ ይዞረዋል፤ በአንድ ፍሬም አንድ ዲግሪ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ ሙሉው ዙር 12 ሰከንድ ይወስዳል። ከዚያ ካሜራው ይቆምና ሞለኪዩሉ ይለወጣል። የፕሮቲን ቅርጾች ከተከማቹበት ከፕሮቲን ዳታ ባንክ ሁለት ፋይል አውርዱ፤ ኦክስጅን የሌለው ሄሞግሎቢን መለያው 4ኤችኤችቢ (4HHB)፣ የያዘው 1ኤችኤችኦ (1HHO) ነው። ሁለተኛውን ስትከፍቱ ግማሹን ብቻ ስለምታገኙ የቀረውን በሲሜትሪ፣ ማለትም ያንኑ ግማሽ አዙሮ በመድገም፣ አሟሉት። ሁለቱን ቅርጾች ስትደርቡ አንዱን ጥንድ ብቻ ከአቻው ጋር ደርቡ። መላውን ከደረባችሁ ለውጡ ለሁለቱ ጥንዶች ይከፋፈልና ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በሁለቱ ቅርጾች መካከል የምታዩት መንገድ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሞላው እንጂ ማንም የለካው አይደለም፤ ለተመልካች ንገሩት።

ፓይሞል ላይ ጌት ቪው (get_view) የሚለው ትእዛዝ የካሜራውን አቋም የሚገልጹ 18 ቁጥሮች ይሰጣችኋል፤ አቅጣጫው፣ ርቀቱ፣ የመዞሪያው ማዕከል፣ የፊትና የኋላ መቁረጫው (ከነሱ ውጭ ያለው አይታይም)፣ የእይታው ማዕዘን ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስክሪፕታችሁ (ትእዛዞቹን የጻፋችሁበት ፋይል) ውስጥ ለጥፏቸው። ማውዝ እየጎተቱ «ቅድም የነበረው ይሻል ነበር» ማለት ሥራ አይደለም።

የዛሬ ልጆች የቆመ ምስል ያስጨንቃችኋል፤ ቲክቶክ ነው ያበላሻችሁ። ቢሆንም እኛ ስንዳክርበት የከረምነውን ስክሪፕት አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ስትጨርሱት አይቻለሁና ብዙ ባልናገር ይሻላል።

ደግሞ ይቁም ስል አክርሬዋለሁ። ስክሪን ዝርግ ነው፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ጥልቀቱ ይጠፋል። ሞለኪዩሉ በማይለወጥበት ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ደግ ነው፤ ፓይሞል ሮክ የሚለው ትእዛዝ ለዚሁ ነው።

ተማሪዋ የጠየቀችኝን እየበረሩ መግባት አልወደውም። ግድ ከሆነ ኦክስጅኑን የሚይዘውን ብረት የመዞሪያ ማዕከል አድርጋችሁ ቅረቡ፤ የፊተኛው መቁረጫ ሰንሰለቱን እንዳይበላው እያያችሁ። ሄሙን፣ ማለትም ብረቱን መሃሉ ላይ የያዘውን ዝርግ ቀለበት፣ ፊት ለፊት አታሳዩት። ኦክስጅን ሲመጣ ብረቱ ወደ ሄሙ ዝርግ የሚገባው 0.4 አንግስትሮም ያህል ነው (አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አስር ሚሊዮንኛ ነው)፤ ፊት ለፊት ሲታይ ይህ እንቅስቃሴ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ወይም ከተመልካቹ ስለሚሆን ብረቱ ያልተነካ ይመስላል። ካሜራውን ሩብ ዙር አዙራችሁ ሄሙን በጠርዙ በኩል አቁሙት፤ ብረቱን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያያይዘው አሚኖ አሲድ፣ ሂስቲዲኑ፣ ከብረቱ ጋር ሲሳብ ያኔ ይታያል።