«ሰውነቴ ብረቱን ሊተፋው ነው?»

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከ14 ወራት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የቀኝ ዳሌዬ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ተቀይሮልኛል። ከሆስፒታል ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ብረቱ ሃይድሮክሲአፓታይት በሚባል ነገር የተለበሰ መሆኑ ተጽፏል። አንድ ጎረቤቴ ልባሱ ሲላጥ ሰውነት ብረቱን ይተፋዋል፣ ከዚያ በኋላ መዳኛ የለውም አለኝ። ወደ ደሴ በወጣሁ ቁጥር ብርዱ ሲነካኝ ዳሌዬን ያመኛል። ልባሱ ስንት ዓመት ይቆያል? ከተላጠስ በድጋሚ ይቀባል? በነገራችን ላይ በጠባሳው ጫፍ ትንሽ ብጉንጅ ወጥታ አልፎ አልፎ ታረጥባለች፤ አሞክሳሲሊን ስወስድ ግን ትደርቃለች።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ልባሱ ዕድሜ ነው፤ ያስፈራዎት ግን ዳግመኛ አልጋ ላይ ውሎ በልጆች እጅ መውደቅ ይመስለኛል። ስለዚህ አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ሰውነትዎ ብረቱን አልጠላውም፤ ሊተፋውም አይደለም።

ሰውነት አልቀበል አለ ሲባል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሰው ስለተወሰደ ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ሕይወት ያለው የሌላ ሰው አካል በመሆኑ የሰውነት መከላከያ ለይቶ ያጠቃዋል። ብረት ግን ሕይወት የለውም፤ ሰውነት እንዲህ ያለውን ባዕድ ነገር ሲያገኝ በቀጭን የጠባሳ ሥጋ ጠቅልሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ለዳሌ ይህ አይበጅም፤ በጠባሳ ሥጋ ብቻ የተያዘ ብረት ሰውዬው በተራመደ ቁጥር በአጥንቱ ውስጥ ይላወሳልና። ልባሱ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በቤትዎ አዲስ ምጣድ ሲሟሽ ሳያዩ አይቀሩም፤ በጋለው ምጣድ ላይ የጎመን ዘር የሚታሸው እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። የእርስዎ ብረት የተለበሰው ደግሞ በተቃራኒው አጥንቱ እንዲጣበቅበት ነው። ሃይድሮክሲአፓታይት ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ማዕድን ሲሆን፣ የራሳችንን አጥንት የሚያጠነክረው ማዕድንም ከዚሁ ወገን ነው። በፋብሪካ ውስጥ ዱቄቱ እጅግ በጋለ የጋዝ ነበልባል ውስጥ አልፎ በብረቱ ላይ ይረጫል፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። አጥንት ሠሪ ሕዋሳት እንደ ራሳቸው ቤት ቆጥረው ያርፉበትና በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አጥንት ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሰውነት ልባሱን በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየመጠጠ በቦታው የራሱን አጥንት ሊተካ ይችላል። ይህ ከመጀመሪያውም የታሰበበት እንጂ የቀለም መላጥ አይደለም፤ በድጋሚ የሚቀባም ነገር የለም። ከሥሩ ያለው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ቲታኒየም ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ከአጥንት ጋር የተስማማ ነው፤ ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ውስጥ የተከለውን የቲታኒየም መሣሪያ መልሶ ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ አልለቅም ብሎት ነበር።

ብረት ብርድ ይስባል የሚለውን ደሴ ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ። የሐረጎን ዳገት ጨርሰው ሲወጡ ብርዱ በቆዳና በጡንቻ መሰማቱ እውነት ነው፤ በሥጋ ውስጥ በጥልቀት የተቀበረው ብረት ግን ሙቀቱ እንደ ደምዎ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጋቢ ይደርቡ። ሕመሙን ግን ለብርድ ብቻ አልሰጠውም፤ ምክንያቴም በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ትርፍ ነገር የጻፉት ስለ ብጉንጇ ነው።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ባለበት ቦታ፣ ቁስሉ ድኖ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ጠባሳው ላይ ወይም አጠገቡ አፍ ተከፍቶ የሚያረጥብ ከሆነ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጀርሙ ብረቱ ዘንድ ደርሷል ብለን እንነሳለን። ቀዳዳው እስከ መገጣጠሚያው የሚዘልቅ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ኢንፌክሽን ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የቀዳዳዋ ማነስ አያታልልዎ። ትኩሳት ላይኖር፣ ሽታ ላይኖር፣ ሕመሙም ይህን ያህል ላይሆን ይችላል፤ የሚታየው ጠዋት በልብስ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቢጫ እድፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። «መግሉ ይውጣ፣ ቆሻሻው መውጣቱ ጥሩ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ለእጅ ብጉንጅ ይህ ይሠራ ይሆናል፤ ከሥሩ ብረት ላለበት ቁስል ግን አይሠራም፤ መግሉ በወጣ መጠን ከሥር ይተካል።

ለምን እንደሚተካ ለመረዳት ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ የውኃ ጀሪካን ያስቡ። ውስጡን በጣት ሲነኩት ያሙለጨልጫል። ውኃ ብቻ ጨምረው ቢንጡት አይለቅም፤ ጠጠር ወይም አሸዋ ገብቶ መፈግፈግ አለበት። ጀርሞችም ብረት ላይ ሲያርፉ እንዲህ ያለ ልጋግ ሠርተው ከሥሩ ይደበቃሉ። አሞክሳሲሊን ቢሠራ እንኳ የሚገድለው ከልጋጉ ውጭ ያሉትን ነው፤ እርጥበቱ ይቆማል፣ አፉ ይዘጋል፣ እርስዎም ዳንሁ ይላሉ። ከልጋጉ ሥር ያሉት ግን እዚያው ናቸው፤ ከሳምንታት በኋላ በዚያው ወይም በሌላ አፍ ይመለሳሉ። አጥንትን የሚጋብዘው ልባስ ጀርምን አይከለክልም። ብር የሚባለው ማዕድንና አንቲባዮቲክ ያለባቸው ልባሶች አሉ፤ የሚሠራባቸው ግን ለተመረጡ ታማሚዎች ነው።

አሁን በግልጽ ልናገር። አሞክሳሲሊኑን ማን አዘዘልዎ? «ስወስድ ትደርቃለች» ማለትዎ ከአንድ ጊዜ በላይ መውሰድዎን ይነግረኛል። በየጊዜው እየተጀመረ የሚቋረጥ አንቲባዮቲክ ሁለት ጉዳት አለው፦ ጀርሙን ያለማምደዋል፤ በተጨማሪም ከመገጣጠሚያው በመርፌ የተወሰደው ፈሳሽ ካልቸር ሲደረግ (ጀርሙን ለመለየት በላቦራቶሪ ሲበቅል) ምንም ሳይበቅል ይቀርና ሐኪሙ ጠላቱን ሳያውቅ በግምት እንዲያክም ያስገድደዋል። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም አለ፤ እርስዎ አድርገውት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ባለፈው ክረምት የአንዲትን እናት ፋሻ ስፈታ ቀዳዳው በደረቀ ቢጫ ዱቄት ተደፍኖ አገኘሁት። በጨው ውኃ ባራስሁት ጊዜ ቅርፊቱ ሲነሳ ታግቶ የቆየው መግል እስከ ጉልበታቸው ወረደ። ሰባት ወር ሙሉ «እየደረቀልኝ ነው» ሲሉ የቆዩት ያንን ቅርፊት እያዩ ነበር። ሐኪም ከሰባት ወር በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መቆጣቱን ይቅር ይበሉት።

እግሬን አጣለሁ ወይ ለሚለው ያልጻፉት ጥያቄ መልሴ፣ በአብዛኛው ነገሩ ወደዚያ አይደርስም የሚል ነው። ኢንፌክሽኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲያዝ ብረቱን ሳያወጡ በቀዶ ሕክምና ማጠብ ይቻል ነበር። የእርስዎ ግን የቆየ ስለሚመስል፣ ከተረጋገጠ ብረቱ ወጥቶ ቦታው ከተጸዳ በኋላ ሌላ የሚተካበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ይህም በአንድ ወይም በሁለት ቀዶ ሕክምና ከወራት አንቲባዮቲክ ጋር ይከናወናል። ረጅምና አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ታክመው ተመልሰው በእግራቸው ይሄዳሉ። መዳኛ የለውም የሚለውን ከጎረቤትዎ አይቀበሉ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ደሴ ወደሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታል፣ ወደ አጥንት ስፔሻሊስት ይሂዱ። ብርድ ብርድ የሚልና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም እግሩ ድንገት አልቆምበት ካለ ግን ሳምንቱን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ። እስከዚያ አዲስ አንቲባዮቲክ አይጀምሩ፤ ለፈሳሹ ናሙና ሲባል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያለ መድኃኒት እንዲቆዩ ሊጠየቁ ይችላሉና፣ መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስን። ከቀዳዳው አፍ ላይ በጥጥ የሚጠረግ ናሙና የቆዳውን ጀርም ስለሚያሳይ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። ወጌሻም አያሽዎት፤ የስኳር ሕመም ካለብዎም ሳይጠየቁ ይናገሩ። ቀዳዳውን በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት እንጂ አይጭመቁት። የአዲስ አበባውን ወረቀት፣ የብረቱ ዓይነት የተጻፈበት ተለጣፊ ካለ እርሱን፣ አሮጌውንና አዲሱን ራጅ ይያዙ። እስካሁን የወሰዱት የአሞክሳሲሊን ማሸጊያም ባዶ ቢሆንም ሳይጣል ከወረቀቱ ጋር ይምጣ፤ መጠኑንና ቀኑን ከእርሱ ላይ እናነባለን።