ጭሱ ሐይቁ ላይ ሲተኛ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ ውስጥ፣ ከገፈርሳ ብዙም ሳልርቅ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱ የመጨረሻ ልጄ ክረምቱ ሲገባ አጎቱ ጊታር ሰጠው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ አንዲት አጭር ዜማ ብቻ እየደጋገመ ይመታል። ምን እንደሆነች ስጠይቀው ‹‹ስሞክ ኦን ዘ ዋተር›› የሚባል የድሮ የሮክ ዘፈን መግቢያ መሆኗን ነገረኝ። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ በዕድሜም በምክርም የማከብራቸው ጎረቤቴ ደግሞ ዘፈኑ ሐሺሽን የሚያወድስ፣ እንዲያውም የሰይጣን ዘፈን መሆኑን ሰምቻለሁ ብለው ልጁን እንድከለክለው መከሩኝ። ድምፁም አስቸግሯቸዋል። ዘፈኑ በእውነት ስለ ምንድን ነው? ይህች ዜማስ እንዲህ የምትደጋገመው ምን ቢኖርባት ነው? ልከልክለው ወይስ ልተወው?
ት. ነኝ፣ ከቡራዩ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ዘፈኑ ሐሺሽንም ሰይጣንንም አይመለከትም። የሚናገረው ስለ አንድ የእሳት ቃጠሎ ነው፤ ቃጠሎውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ያዩትን በቅደም ተከተል የመሰከሩበት ዘፈን ነው። ጎረቤትዎ ግን ወሬውን ከባዶ አላመጡትም፤ እርሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ዲፕ ፐርፕል የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በሕዳር 1964 ዓ.ም. ወደ ስዊዘርላንድ የሄደው አዲስ አልበም ለመቅረጽ ነበር። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ባለችው የሞንትሮ ከተማ አንድ ትልቅ ካዚኖ ነበረ፤ ካዚኖው ለክረምቱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ የመጨረሻ የሙዚቃ ዝግጅት ይቀረው ስለነበር ባንዱ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ጠብቆ አዳራሹን ለብቻው ሊይዝ ተስማምቶ ነበር። የመቅረጫ መሣሪያዎቹ የተገጠሙበትን ትልቅ ተሽከርካሪም ከሮሊንግ ስቶንስ ባንድ ተከራይተው አምጥተዋል። የመጨረሻውን ዝግጅት የሚያቀርበው አሜሪካዊው ፍራንክ ዛፓ ነበር፤ ዕለቱም ሕዳር 24 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ቀን 1971። የዲፕ ፐርፕል አባላትም ከተመልካቹ መካከል ነበሩ።

ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ ከተመልካቾቹ አንዱ ለምልክት የሚተኮስ የርችት ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ። ጣሪያው ደረቅና በቀላሉ በሚቀጣጠል ነገር የተለበጠ ስለነበር እሳቱ ያዘ። ዛፓ ሕዝቡ ሳይረበሽ እንዲወጣ ከመድረክ ላይ ተናገረ፤ የሞንትሮን የጃዝ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1967 ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው ክሎድ ኖብስ ደግሞ እየተመላለሰ በሕንፃው ውስጥ የቀሩ ወጣቶችን ያወጣ ነበር። ካዚኖው ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ የዛፓ ባንድ የሙዚቃ መሣሪያዎችም አብረው ነደዱ፤ ነገር ግን አንድም ሰው አልሞተም። በእኔ አስተያየት የዚያን ቀን ታላቁ ነገር ይህ ነው፤ ገጣሚዎቹም ይህን ስላወቁ ኖብስን በቅጽል ስሙ ጠርተው በዘፈኑ ውስጥ አስገብተውታል። እሳት ውስጥ ገብቶ የሰው ልጅ ያወጣን ሰው ስም እያነሳ የሚያመሰግን ዘፈን የሰይጣን ነው ሊባል አይገባም።

ርዕሱ ሲተረጎም ‹‹ጭስ በውኃው ላይ›› ማለት ነው። ባንዱ ወደ ማረፊያው ሄዶ በመስኮት ሲመለከት፣ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ የካዚኖውን ጭስ እየገፋ ሐይቁ ላይ አነጠፈው። እርስዎ ገፈርሳ አጠገብ ስለሚኖሩ ይህን ለመረዳት ስዊዘርላንድ መሄድ አያስፈልግዎትም። እኔም ያደግሁት በዚያው በአምቦ መንገድ ነው። ሕዳር 12 ሲደርስ፣ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ እንደተለመደው፣ ‹‹ሕዳር ሲታጠን›› እያልን በየደጁ ቆሻሻውን እናቃጥል ነበር። አመሻሹ ላይ ብርዱ ሲመጣ ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ይተውና ወደ ዝቅተኛው ቦታ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ በማግሥቱ ማለዳ የገፈርሳ ግድብ ውኃ ላይ ነጭ ጋቢ እንደለበሰ ሰው ተኝቶ እናገኘው ነበር። የውኃው ጠርዝ ይታያል፣ መካከሉ አይታይም። የሞንትሮው ቃጠሎ የደረሰው የእኛ ሕዳር ሚካኤል በዋለ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መሆኑን ባሰብሁ ቁጥር ያ ማለዳ በዓይኔ ይመጣል።

ከቃጠሎው ጥቂት ቀናት በኋላ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሮጀር ግሎቨር ከእንቅልፉ ሲነቃ እነዚህ ቃላት በአፉ ላይ ነበሩ። ጎረቤትዎ የሰሙት ወሬ ምንጭም እዚሁ ላይ ነው፤ ለድምፃዊው ለኢያን ጊላን ቃላቱን ሲነግረው ርዕሱ የአደንዛዥ ዕፅ ዘፈን ያስመስለዋል የሚል ቅሬታ ከራሱ ከባንዱ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ጎረቤትዎ ርዕሱን ብቻ ሰምተው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም፤ ግጥሙን የሰማ ሰው ግን ጥርጣሬው ይለቀዋል።

ዜማዋ ከግጥሙ ቀድማ የተቀረጸች ናት፤ የተቀረጸችበት ሁኔታም የእርስዎን ቤት ጉዳይ ይመስላል። ካዚኖው ሲቃጠል ባንዱ ፓቪዮን ወደሚባል የከተማዋ ቴአትር ቤት ተዛወረ። ሌሊቱን ይህችኑ ዜማ እየመቱ ሳለ የአካባቢው ነዋሪዎች እንቅልፍ አጥተው ለፖሊስ አመለከቱ። ፖሊሶቹ በሩን ሲደበድቡ የባንዱ ሠራተኞች ቀረጻው እስኪያልቅ በሩን ከውስጥ ገፍተው ያዙ፤ ዛሬ ልጅዎ የሚደጋግማት ዜማ የተረፈችው በዚያች በተገኘችው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከቴአትር ቤቱ ተባርረው፣ ለክረምቱ ተዘግቶ የነበረውን ግራንድ ሆቴል ተከራዩ፤ በቀዝቃዛው መተላለፊያ ላይ ፍራሽ እየደረደሩ ድምፁን አፍነው አልበሙን በዚያው በታኅሣሥ ወር ጨረሱት። ግጥሙም ይህን ሁሉ፣ ቀዝቃዛውን ሆቴል ሳይቀር፣ ይናገራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝም እርሱ ነው። ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ግራ እጁን ይመልከቱ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ክር ምንም ሳይጫን አንድ ላይ ይመታል፤ ቀጥሎ ሁለቱንም በሦስተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መስመር በተከፈለው ሦስተኛ ቦታ) ላይ፣ ቀጥሎ በአምስተኛው ላይ ይጫናል። በሁለተኛው ዙር አምስተኛው ላይ ከመድረሱ በፊት ስድስተኛውን ነክቶ ይመለሳል፤ ይህች አንዲት እርምጃ የዜማዋ ጨው ናት። ባቲ ማይነር የሚባለውን የእኛን ቅኝት የሚያውቅ ጆሮ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድምፆች በቅኝቱ ውስጥ ያገኛቸዋል፤ አራተኛዋ ግን ከቅኝቱ ውጭ የሆነች፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የመጣች ድምፅ ናት። ልጁ ሰልችቶት የማይተዋት አንድም ስለዚህ ይመስለኛል፤ የሚያውቀው ነገር ውስጥ አንድ የማያውቀው ነገር ተቀምጦበታል።

ሁለቱ ክሮች አብረው የሚሰጡት ድምፅ በመካከላቸው የሙዚቃ ባለሙያዎች ‹‹አራተኛ›› የሚሉት ርቀት አለው፤ ደስታን ወይም ሐዘንን የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ የለበትም። በኃይል እየተንጎራጎረ በሚወጣ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ውስጥ ብዙ ኖታ ከተደረበ ይደበላለቃል፤ ሁለት ብቻ ሲሆን ግን ጠርቶ ይሰማል። ጊታሪስቱ ሪቺ ብላክሞር ይህን ዜማ በመምቻ አይመታውም፤ ሁለቱን ክሮች በጣቶቹ ይዞ በአንድ ቅጽበት ይለቃቸዋል። በመምቻ ሲመታ አንደኛው ክር ሌላውን በጥቂቱ ይቀድማል። ልጅዎ መምቻ እየተጠቀመ ከሆነ አስቀምጦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይሞክረው፤ ልዩነቱን እርስዎም ከማጀት ሆነው ይሰሙታል።

ጊታሩ ብቻውን ከጀመረ በኋላ ሲምባሉና ኦርጋኑ፣ ቀጥሎ ከበሮው፣ በመጨረሻም ቤዙ እየገባ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይሞላል። ኦርጋኑን የሚጫወተው ጆን ሎርድ ሐሞንድ የሚባለውን ኦርጋን ለጊታር በተሠራ ማርሻል ማጉያ አሳልፎ ሻካራ ድምፅ ስለሚሰጠው፣ ብዙ አድማጭ ሁለተኛ ጊታር የገባ ይመስለዋል። የኦርጋንን ለስላሳ ድምፅ ከዋሊያስ ባንዱ ከኃይሉ መርጊያ ለለመደ የእኛ ሰው ያው የመሣሪያ ዓይነት እንዲህ ሲያገሣ መስማት ያስገርመዋል።

‹‹ማሽን ሄድ›› የተባለው አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1972 ነው። ባንዱ ተስፋ የጣለው በሌላ ዘፈን ላይ ስለነበር ይህን ለብቻው በሸክላ አላወጣውም፤ በአሜሪካ ለብቻው የወጣው በ1973 ሲሆን፣ በቢልቦርድ የዘፈኖች ሠንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጊታር የሚማር ልጅ በየትም አገር ቢሆን ከሚጀምርባቸው ዜማዎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። የተቃጠለው ካዚኖ እ.ኤ.አ. በ1975 እንደገና ተሠርቷል።

ከዘፈኑ በኋላ ታሪክ አንዱን ብቻ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በአርሜኒያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከተሞች ሲፈርሱ፣ ብላክሞርና ጊላን ከሌሎች ባንዶች ከመጡ ከእነ ብራያን ሜይና ቶኒ አዮሚ ጋር ሆነው በ1989 ይህንኑ ዘፈን እንደገና ቀረጹት፤ ገቢውም ለተጎጂዎች እርዳታ ሆነ። እኛ ኢትዮጵያውያን ለአርሜናውያን የሙዚቃ ውለታ አለብን፤ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ‹‹አርባ ልጆች›› የተባሉት የአርሜን ወላጅ አልባ ልጆችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዘመናዊ ሙዚቃችን ሲመሠረት የነበራቸው ድርሻ ከባድ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ለዚያ ሕዝብ መጽናኛ መዋሉን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ልጅዎን አይከልክሉት እላለሁ። ነገር ግን የጎረቤትዎ ሁለት አቤቱታዎች የተለያዩ ናቸው። ስለ ዘፈኑ መልእክት የተናገሩት ስሕተት ነው፤ ስለ ድምፁ የተናገሩት ግን ትክክል ነው፤ ግድግዳ የሚጋራ ሰው በቀን ሁለት ሰዓት ያንኑ ዜማ እንዲሰማ ሊገደድ አይገባም። ከእርሳቸው ጋር ተመካክረው ሰዓት ይወስኑለት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ማጉያ እንዳይከፍት፣ እርሳቸው ጸሎት በሚያደርጉበት ወይም በሚያርፉበት ጊዜም እንዳይመታ ያድርጉ። ከመግቢያው አልፎ እስከ መጨረሻው እንዲማረውም ያበረታቱት፤ ዘፈኑ 5 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው፣ እርሱ ግን እስካሁን የተማረው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ይመስላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ግጥሙን በእጁ ወደ አማርኛ እንዲተረጉመው ያድርጉ፤ ወረቀቱን ይዞ ከጎረቤትዎ ቤት ይግባና፣ ቡና በተፈላበት ቀን ቁጭ ብሎ ያንብብላቸው።