ከአልጋው ሥር የነበረው ሃይላንድ

ባለፈው ሳምንት አዲስ ለተቀጠሩ ነርሶች ስለ ኬሞ ሕሙማን እንዳወራ ተጠርቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ቤት መዋልን ገና አልለመድኩትም። ስለ ዩሪክ አሲድና ስለ ደም ካንሰር የማውቀውን ተናግሬ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ሲስተር፣ ታማሚው ዩሪክ አሲዱ ኖርማል ከሆነ፣ ምንም ካላመመው፣ ሽንት መለካቱን ለአስታማሚው ብንተውለት ምን ችግር አለው? እኛ እኮ ሁለት ሆነን ሠላሳ ሰው ነው የምናየው" አለች።

የሰነፍ ጥያቄ አልነበረም። ዋርድ ውስጥ የዋለ ሰው ያውቀዋል። "ለአስታማሚ አይተውም" ብዬ በአጭሩ መለስኩላትና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያልነገርኳት ነገር ነበረ፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ እናንተም ልጆቼ አብራችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 1992 ዓ.ም. ነው። ሆስፒታሉን አልጠራም። ከጎጃም ገጠር የመጣ የ17 ዓመት ልጅ አልጋ 14 ላይ ተኝቶ ነበር። ድዱ ይደማል፤ አንገቱና ብብቱ ሥር እጢ አብጧል፤ ነጭ የደም ሴሉ 180 ሺህ ደርሷል። የጤነኛ ሰው ከ11 ሺህ ብዙም አያልፍም። አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ነው ተባለ። የሚያስታምሙት እናቱና አጎቱ ነበሩ። እናቱ ማታ ማታ አልጋው ሥር ጋቢያቸውን አንጥፈው ይተኛሉ፤ ከራስጌያቸው ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ አለ። የሽንት መለኪያ ስላልነበረን ታማሚው የሚሸናው እዚያ ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለ ታማሚ ላይ መድኃኒት ሲጀመር የካንሰር ሴሎቹ በጅምላ ይፈነዳሉ። በውስጣቸው የነበረው ፖታሲየምና ፎስፌት ወደ ደም ይፈስሳል፤ ዲኤንኤያቸው ሲፈራርስ ደግሞ መጨረሻው ዩሪክ አሲድ ነው። ዩሪክ አሲዱ ሲበዛ ኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ይከማችና ቱቦዎቹን ይደፍናቸዋል። ኩላሊት ሲዘጋ ፖታሲየሙ መውጫ ያጣል፤ ፖታሲየም ደግሞ ልብን ያቆማል። ሐኪሞቹ ይህን አላጡትም። ኦርደሩ ቻርቱ ላይ አለ፦ አሎፑሪኖል 300 ሚሊግራም፣ በደም ሥር የሚገባ ኖርማል ሳላይን በ24 ሰዓት 3 ሊትር፣ የሚገባውና የሚወጣው በጥብቅ ይመዝገብ።

አሎፑሪኖል ግን በሆስፒታሉ ፋርማሲ አልነበረም። አጎትየው ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት ሁለት ቀን አለፈ፤ ይዞት የመጣው ልጁ ቪንክሪስቲንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉትን የኬሞ መድኃኒቶች በጀመረበት ቀን ነው። አሎፑሪኖል አዲስ ዩሪክ አሲድ እንዳይሠራ ይከለክላል እንጂ የተሠራውን አያነሳም። እስኪሠራም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ከኬሞው ቢያንስ አንድ ቀን መቅደም ነበረበት።

የሸጠለት ሰው "የሪህ መድኃኒት ነው" ብሎት ኖሮ እናቱ ያዙኝ። "ሲስተርዬ፣ ልጄ ሥጋ የሚቀምሰው ለፋሲካ ነው፤ ሪህ ከየት መጣበት?" አሉኝ። አባቴ ሪህ ነበረበት፤ ቁርጥ በበላ በማግስቱ አውራ ጣቱ ቀልቶ ያድር ነበር፤ እኛ ቤት የሪህና የሥጋ ነገር የታወቀ ነው። የእሳቸው አነጋገር አባቴን አስታወሰኝና ፈገግ ብዬ አለፍኳቸው። ይሄኛው ዩሪክ አሲድ ከምግብ እንዳልመጣ፣ ከሚሞተው ካንሰር ራሱ እንደሚመጣ፣ ውሃ ካልጠጣና ካልሸና እንደሚገድለው ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አላስረዳኋቸውም።

መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁለት ነርስ፣ 38 ታማሚ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ የልጁ እጅ አብጦ ካኑላው ከደም ሥር ወጣ። "አሁን እመለሳለሁ" አልኩት። ወዲያው ሌላ ክፍል አንዲት እናት መድማት ጀመሩ። አዲስ ካኑላ ያስገባሁለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ አምስት ሰዓት ሙሉ ጠብታ አልገባለትም።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የ24 ሰዓቱን ድምር ዘግተን ነው ለቀን ተረኞች የምናስረክበው። ቻርቱን ከፈትኩ። ከእኔ በፊት የነበረችው ተረኛ ሽንቱን 1,400 ሚሊ ሊትር ብላለች። ሃይላንዱ አልጋው ሥር፣ ከእናቱ ራስጌ ነበር። እናቱ ተኝተዋል፤ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጎንበስ አላልኩም። 1,000 ብዬ ጻፍኩ፤ ደመርኩት፤ 2,400 መጣ። የሚያምር ቁጥር ነው። ያቺን ተረኛም ቢሆን አልጠየቅኳትም፤ 1,400ውን ለክታ ይሁን ገምታ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ላይ ራውንድ ሲገባ ስለ ታማሚዎቹ የማስረክበው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ቻርቱን አየና "2,400፤ ጥሩ ነው" ብሎ ወደ አልጋ 15 አለፈ። ያ ሐኪም ጠንቃቃ ሰው ነበር። የሚያየው ቁጥር እውነት መስሎት ነው ያለፈው።

ጋውኔን አውልቄ ስወጣ እናቱ ኮሪደር ላይ ደረሱብኝ። ሃይላንዱን በነጠላቸው ሸፍነው ይዘውታል፤ ሽንት ይዞ በሰው ፊት ማለፍ ነውር ሆኖባቸው። ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል ብቻ ነው፤ መልኩ የጠቆረ ሻይ ይመስላል፤ ሲያዘነብሉት ከታች የጡብ ዱቄት የመሰለ ዝቃጭ ተንሸራተተ። "ከትናንት ጀምሮ ይኸው ነው። ጾሙንም አልፈታም ብሎኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም" አሉኝ። ለካ ልጁ ፍልሰታን እየጾመ ነበር። ሕክምናው ሳይጠነክር ለመቁረብ ተስሎ ነው።

እኔ ደክሞኛል። ደግሞም ወደ ውስጥ ተመልሼ "የጻፍኩት ውሸት ነው" ማለት ሊኖርብኝ ነው። "ለተረኛዋ ነርስ ያሳዩዋት" ብያቸው ወጣሁ። እሳቸው ያሳዩ አያሳዩ፣ ተረኛዋ ትይ አትይ፣ አላውቅም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ማታ ስመለስ የቡሄ ዋዜማ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ። አልጋ 14 ዙሪያ ሰው ቆሟል። የልጁ ጣቶች ተኮራምተው አይዘረጉም፤ ካልሲየሙ ወርዷል። ፖታሲየሙ 7.1 ነው ተባለ። ካልሲየም ግሉኮኔት ተሰጠው፣ ግሉኮስ በኢንሱሊን ተሰጠው፣ እንዲሸና ላዚክስ ተሰጠው፤ የሚሸናው ነገር አልነበረም። የኩላሊት እጥበት በዚያ ሆስፒታል አልነበረም። ሳይነጋ አረፈ።

ልጄ፣ "ለአስታማሚው ብንተውለት" ያልሽው ጥያቄ እኔን የመለሰኝ እዚያ ኮሪደር ላይ ነው።

ስለ እጅ መታጠብና ስለ ትኩሳት የምነግራችሁ የለም፤ ትምህርት ቤት ጠግባችሁታል። የእናንተ ትውልድ በንባብ ከእኛ ይበልጣል። ይህን የሴሎች ፍንዳታ ለመለየት ካይሮና ቢሾፕ የተባሉ ሐኪሞች ያወጡትን መስፈርት በቃላችሁ ትወጡታላችሁ፦ ዩሪክ አሲድ 8 እና ከዚያ በላይ፣ ፖታሲየም 6 እና ከዚያ በላይ፣ ካልሲየም 7 እና ከዚያ በታች፣ ከኬሞው ሦስት ቀን በፊት እስከ ሰባት ቀን በኋላ። እኛ በዚያን ጊዜ ይህን የሚያህል የተጣራ ነገር በእጃችን አልነበረም። ግን ዓይናችሁ ስልካችሁ ላይ ነው። ራውንድ ላይ ወረቀትና ስልክ የሚያይ እንጂ አልጋ ሥር የሚያይ ልጅ አላየሁም፤ ይህ ያሳስበኛል። ልቆጣችሁ ፈልጌ አይደለም። ደግሞ ከእናንተ አንዱ በየአራት ሰዓቱ የሽንት መለኪያ ማንቂያ ስልኩ ላይ ሞልቶ አሳይቶኛል፤ እኔ በዚያ ሌሊት ያ ማንቂያ ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ አስቤያለሁ።

ቁጥሩን በሃይላንድ ቋንቋ ልንገራችሁ። ውሃ በደንብ የሚገባለት አዋቂ ታማሚ በሰዓት 100 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ መሽናት አለበት። የሁለት ሊትሩ ሃይላንድ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ሌላ መጀመር አለበት ማለት ነው። ካልሞላ ላቦራቶሪ ሳትጠብቁ ሐኪም ጥሩ። ዩሪክ አሲዱ ትናንት ኖርማል ነበረ ማለት ዛሬ ኖርማል ነው ማለት አይደለም፤ ሴሎቹ የሚፈነዱት መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው። ምንም አላመመኝም የሚለው ታማሚም ጣቱ እስኪኮራመት ምንም ላያመው ይችላል።

እኛ ያኔ ባይካርቦኔት እየጨመርን ሽንቱን አልካላይ እናደርግ ነበር፤ ዩሪክ አሲዱ ይሟሟል ብለን። ዛሬ በተለምዶ አይመከርም፤ ካልሲየምና ፎስፌት ተጣብቀው ኩላሊት ውስጥ እንዲቀመጡ ያደርጋልና። አንድ ትልቅ ሰው "እኛ እንዲህ ነበር የምናደርገው" ስላላችሁ ብቻ አትመኑት፤ እኔንም ጨምሮ።

አሎፑሪኖልን ስታነሱ ጌርትሩድ ኤልዮንን አስቧት። በ15 ዓመቷ አያቷ በካንሰር ሞቱባት። ኬሚስትሪ ተምራ ሴት ናት ተብላ ላቦራቶሪ የሚቀጥራት አጥታ ነበር። እሷና ጆርጅ ሂቺንግስ መጀመሪያ ለሉኬሚያ ሲክስ መርካፕቶፑሪንን ሠሩ፤ ያ መድኃኒት ግን ሰውነት ውስጥ ዛንቲን ኦክሲዴዝ በሚባል ኤንዛይም ቶሎ ይሰባበራል። ኤንዛይሙን ለማገድ አሎፑሪኖልን ሞከሩት፤ ዩሪክ አሲድንም የሚሠራው ያው ኤንዛይም ነበርና ዩሪክ አሲዱም አብሮ ወረደ። የአባቴ የሪህ ኪኒን በዚህ መንገድ ነው የመጣው። በ1988 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጄምስ ብላክ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ይህን የማወራው ታሪክ ስለምወድ ብቻ አይደለም። አሎፑሪኖል የሚወስድ ልጅ ሲክስ መርካፕቶፑሪን ሲታዘዝለት መጠኑ ወደ ሩብ ወይም ወደ ሲሶ መውረድ አለበት፤ አለዚያ መቅኔው ይደርቃል። ሁለቱን ስም አንድ ቻርት ላይ ካያችሁ መድኃኒቱን ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

አሜሪካ ነርስ የሆነች የእህቴ ልጅ እዚያ ራስቡሪኬዝ የሚባል መድኃኒት እንደሚሰጡ ነግራኛለች፤ የተሠራውን ዩሪክ አሲድ ራሱን ያፈርሰዋል፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ዋጋው ከባድ ነው። ካገኛችሁት ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባለው ኤንዛይም የጎደለው ታማሚ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ደሙንም በበረዶ ውስጥ አድርጋችሁ ላኩ፣ አለዚያ መድኃኒቱ ብልቃጡ ውስጥም መሥራቱን ስለማያቆም ውጤቱ ያታልላችኋል። በሌላችሁ ጊዜ ግን ያላችሁ ውሃና አሎፑሪኖል ነው፤ በጊዜ ከጀመራችሁት ብዙ ሰው ያድናል።

ጾምን ጠይቁ። ፍልሰታም ይሁን ረመዳን፣ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ጠይቁ። ለታመመ ሰው ጾም መፍታት እንደሚፈቀድለት እናውቃለን፤ የልጁን የንስሐ አባት አንድ ሰው ቢያስጠራቸው ኖሮ "ጠጣ" ይሉት ነበር። ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች ሙዝና ብርቱካን፣ የአቮካዶ ጁስ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ፍቅራቸው ነው፤ ግን በእነዚያ ቀናት ፖታሲየም ነውና በእርጋታ አስረዷቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴትም ፖታሲየም አለበት። እና ክሊኒክ የምትሠሩ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የአንገት እጢ ላበጠበት ልጅ ዴክሳሜታዞን አትውጉ። ሊምፎማ የሚባለው የእጢ ካንሰር ከሆነ እጢው ይቀልጣል፤ ያለ ውሃ፣ ያለ አሎፑሪኖል፣ በማያውቅ ሰው እጅ።

ለአስታማሚ አይተውም ብዬሻለሁ። ሆኖም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሁሉም የበለጠ በትክክል ሽንት የለካ ሰው ነርስ አልነበረም፤ ፊደል ያልቆጠሩ የአርሲ ገበሬ ነበሩ። ሃይላንዱን በቢላ ጫር ጫር አድርገው ምልክት አውጥተውበት፣ ልጃቸው በሸና ቁጥር በከሰል ግድግዳ ላይ ያሰምሩ ነበር። ልጃቸው ድኖ ሄደ። ስለዚህ አስታማሚው ይለካ፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ምልክት አድርጉለት፣ ለምን እንደሚለካ ንገሩት። ከዚያ አንቺ ጎንበስ ብለሽ እይው። የምትጽፊው ያየሽውን ይሁን፤ ካላየሽ "አልተለካም" ብለሽ ጻፊ። "አልተለካም" የሚል ቻርት ሐኪሙን ያስቆመዋል። የእኔ 2,400 አሳለፈው።

የዚያ ልጅ አስከሬን ሊወጣ ሲል አጎትየው መኪና ሊፈልግ ሄዶ እናቱ ዕቃቸውን ብቻቸውን ይሸክፉ ነበር። ሃይላንዱን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ። በኦሞ ደጋግመው አጠቡት፣ አሸተቱት፣ እንደገና አጠቡት። የጠራ ውሃ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው ዘጉት፤ መንገዱ ሩቅ ነው። በአጠገቤ ሲያልፉ "እግዜር ይስጥሽ ሲስተርዬ፣ ለፍተሽልናል" አሉኝ፤ እጄን ያዝ አድርገው ሄዱ።