ወፏ ለምን ጠቆረች፣ አደዩስ ለምን ልሙጥ ሆነ?

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በመስከረም መጨረሻ ለሦስት ቀን ባሕር ዳር ትመጫለሽ፤ ካሜራሽ ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ የብርሃን መቀበያ ያለው)፣ ሌንስሽ 70-300 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለፈው ያነሣሻቸው ወፎች ጠቁረው፣ አደይ አበባውም ልሙጥ ቢጫ ሆኖ ስለወጣብሽ ትልቅ ሌንስ ልግዛ ወይ ትያለሽ፤ ዘጌ ላይ የቡና አበባ ይገኝ እንደሆነም ጠይቀሻል። ብዙ ሰው «600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግዢ» ብሎሻል። ገንዘብሽን ያዢ። 300ው በክሮፕ ሴንሰር እንደ 450 ገደማ ነው የሚያቀርበው፤ የጣና ዳር ወፍ ደግሞ ሰው ለምዷል። ያበላሸብሽ የብርሃን ልኬቱና የቆምሽበት ቦታ ነው።

ካሜራ ሲለካ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ከወፏ ኋላ ነጭ ሰማይ ካለ፣ ሰማዩን ላደብዝዝ ሲል ወፏን ከሰል ያደርጋታል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን) +1 ወይም +1.3 አድርጊው፤ ሰማዩ ቢነጣ ግድ የለም። ነጭ ፔሊካን ጠቆር ያለ ውኃ ላይ ስትሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ውኃውን ላብራ ሲል ላባዋን ያቃጥለዋል (ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል)፣ ስለዚህ ከ−0.7 እስከ −1 ቀንሺ። አስቸጋሪው ዓሣ አዳኙ ንስር ነው፤ ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር። ብርሃኑን በነጩ ጭንቅላቱ ለኪ። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሣሽ የጠቆረውን በኋላ ታወጪዋለሽ፣ የተቃጠለው ነጭ ግን አይመለስም። (ንስሩ ሊበር ሲል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ኩሱን ይጥላል። ያንን ስታዪ ጣትሽ የማንሻው ቁልፍ ላይ ይሁን።)

ቦታውን በተመለከተ፣ ከተማዋ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ናት፤ ስለዚህ ዳሩ ላይ ቆመሽ ወደ ውኃው ስታዪ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ከቀኝ ይመጣል። ከጠዋቱ 12:30 ላይ ዓባይ ከሚወጣበት ወገን ጀምረሽ ወደ ምዕራብ ተጓዢ፤ ፀሐይ ከጀርባሽ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በተቃራኒው። ከ3 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይከርራል፣ ካሜራሽን ከተሽ ቁርስ ብዪ። ዓባይ መውጫው አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውኃ ስለሚመለስ በሣሩና በውኃው መካከል አትቁሚ። ድልድዩ አካባቢ ደግሞ ካሜራ ከማውጣትሽ በፊት ጠባቂዎቹን ጠይቂ።

ለመጀመሪያ ቀን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ እመክርሻለሁ፤ ለመለማመጃ እንደሱ ያለ የለም። ውኃው ላይ ከፍ ብሎ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ይቆማል፤ አካሉ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱ ግን የተቸነከረ ይመስል አይነቃነቅም። ከዚያ ጠልቆ ይወርዳል። ፎከስ መያዝ ያለብሽ በዚያች በቆመባት ጊዜ ነው፤ መውረድ ከጀመረ በኋላ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሹተር (የማንሻ ፍጥነት) 1/2500 ሰከንድ፣ ተከታታይ ፎከስ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራው)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ነፋስም ፀሐይም ከጀርባሽ ሲሆኑ ፊት ለፊት ታገኚዋለሽ። ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠ ወፍ 1/500 ይበቃል።

ጀልባ ላይ ትራይፖድ አትያዢ፤ የሞተሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ ካሜራው ያመጣዋል። ክርንሽንም ጠርዙ ላይ አታስደግፊ። ባለ ጀልባውን 40 ወይም 50 ሜትር ሲቀር ሞተሩን አጥፍቶ እንዲንሳፈፍ ለምኚው። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚነሣ ጠዋት ይሻላል።

አደይ ላይ የወፉን ሕግ ገልብጪው። ፀሐይ ከአበባው ኋላ ይሁን፤ ብርሃኑ በአበባው ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ በፊት ብርሃን የማይታዩት ስስ መስመሮች ይወጣሉ። ልሙጥ የሆነብሽ ቢጫው ቀዩን ቀለም ቶሎ ስለሚሞላው ነው፤ ተራው ሂስቶግራም (ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ሥርጭት ግራፍ) ደህና ነው እያለሽ ቀዩ ተቃጥሏል። ባለ ሦስት ቀለሙን ሂስቶግራም ክፈቺና ቀዩ የቀኙን ጠርዝ እንዳይነካ −0.7 ድረስ ቀንሺ። በ300 ሆነሽ ከ1.5 ሜትር ስታነሺ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) ላይ እንኳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ የሌንሱ ፊት ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ ይሁን፣ አለበለዚያ ግማሹ ይደበዝዛል። ነፋስ ካለ ሹተሩን ከ1/500 አታውርጂ። ጤዛው ሳይረግፍ ብትደርሺ መልካም ነው። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ፈልጊ፤ ጥቅምት ሲጋመስ ግን መጠውለግ ይጀምራል፣ ጉዞሽን አታዘግዪ።

የቡና አበባ በመስከረም የለም። የሚፈነዳው በበጋ ማብቂያ ላይ ዝናብ ጠብ ካለ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ቆይቶ ነው፤ ከሁለት ሦስት ቀን በላይም አይቆይም። ዘጌን ግን ለወፍ ብለሽ ሂጂ። ፍሬ ያንዠረገገ ሾላ ካገኘሽ ከሥሩ ቁጭ በዪ፤ ወፎቹን አትከተያቸው፣ መንቁራቸው ላይ ቀንድ መሰል ጉብታ ያላቸው ቀንዳም መንቁራሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ከቡናው ጥላ ሥር ጨለማ ነውና አይኤስኦውን 3200፣ ሹተሩን 1/250 አድርጊና በተከታታይ ደርድረሽ አንሺ፤ ከዐሥሩ ሁለት ሦስቱ ጥርት ብሎ ይወጣልሻል።