አሮጌ ሳይክል ላይ ኮዳ ስትሰቅሉ

ልጆች፣

ከአያት የተረፈውን ባለ 28 ኢንች ጎማ ፎኒክስ ወይም ራሌ ሳይክል ከጓዳ አውጥታችሁ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀብታችሁ መንዳት ከጀመራችሁ ብዙም ሳይቆይ የውሃ ማስቀመጫ ትፈልጋላችሁ። በአዳዲሶቹ ሳይክሎች ሰያፍ ቱቦ (ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ በሚወርደው) ላይ 64 ሚሊ ሜትር የተራራቁ፣ ለ5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርስ የወጣላቸው፣ የኮዳ ማቀፊያ (ኮዳው የሚሰካበት ቀፎ) የሚታሰርባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። በአሮጌው ላይ የሉም። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ ድሪል ታነሳላችሁ። እባካችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።

የቴላዮው (የሳይክሉ የብረት አጥንት) ቱቦ ከውጭ ሲያዩት ወፍራም ይምሰል እንጂ ግድግዳው ስስ ነው፤ በጥሩ የውድድር ሳይክል ላይ መሀሉ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሳሳል። ስትበሱት ጫናው በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይከማቻል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል። የጅማ ዝናብ ደግሞ በዚያው ገብቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ቀለሙ ሲያብጥ ያያችሁ ዕለት ነገሩ አልፏል። ብየዳማ የባሰ ነው። በርና መስኮት አሳምሮ የሚሠራ ሰው እንኳ በኤሌክትሪክ ብየዳ ስሱን ቱቦ በቅጽበት ይበሳዋል። ቴላዮው ለቀለም ተገፎ ከሆነና በናስ የሚበይድ እጅ ካገኛችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሚያዋጣው ፋሼታ ነው፤ የመኪና የውሃ ጎማ የሚታሰርበት፣ በቡሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት። መጀመሪያ ቱቦውን አንድ ዙር በክር ዙሩና ክሩን በማስመሪያ ለኩ። 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመጣ ውፍረቱ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 8 ከመጣ 25.4 ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አግዳሚው ቱቦ ነው። የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጡት ዘንድ ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚጠብቀውን ፋሼታ ሁለት ግዙ። ከተጣለ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቁረጡና ፋሼታው በሚያርፍበት ቦታ ጠቅልሏቸው። የኮዳ ማቀፊያውን ጀርባ በላያቸው ላይ አስቀምጡና አንዱን ፋሼታ ከላይኛው፣ ሌላውን ከታችኛው ጫፍ አሳልፋችሁ እሰሩ። የፋሼታው ራስ ወደ ጎን ከወጣ ሱሪ ይይዛል፣ ጉልበትም ይቧጭራል፤ ወደ ታች አዙሩት። የተረፈውን ጭራ ቆርጣችሁ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። ምን ያህል ይጥበቅ? ኮዳውን ሞልታችሁ በእጅ ወዝውዙት። ማቀፊያው ካልዞረ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፋችሁ ቱቦውን ትሰረጉዳላችሁ።

ብዙ ሰው የሚስተው ፍሬኑን ነው። የድሮ ሳይክሎች ፍሬን በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ ከሆነ፣ የኋላው ዘንግ ሰያፉን ቱቦ ተጠግቶ ወደ ፔዳሉ ይወርዳል። ፋሼታው ዘንጉን አብሮ ካሰረ የኋላ ፍሬን ወይ አይዝም ወይ ከያዘ በኋላ አይለቅም። ወደ ታች አዙሩ ያልኳችሁ ራስም እዚህ ጋ ዘንጉን ካገኘ ወደ ሌላው ጎን ይሂድ። አስራችሁ ስትጨርሱ የፍሬኑን እጀታ አሥር ጊዜ ያህል ጨብጣችሁ ልቀቁ፣ ፔዳሉን ሙሉ ዙር አዙሩ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ጠምዝዙ። ፓምፑ የተሰካበት ቦታ ከተያዘ ፓምፑ ይዛወር እንጂ ኮዳው ወደ ላይ አይውጣ። የሴት ሳይክል ላይ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ኮዳው ሲወጣ የላዩን ቱቦ ይመታል፤ አጭሩን የ500 ሚሊ ሊትር ምረጡ።

ከመነዳሪው ቀለሙን ያድናል፣ እርጥበት ግን ይይዛል። እንደ ጅማ ዝናብ በማይጠግብ አገር ሁለት ወር ሳይሞላው ፈታችሁ አድርቁት፣ ሥሩንም የሻማ ሰም ቀቡት።

አሁን ስለ ኮዳው። ማቀፊያው የሚሠራው ውፍረቱ ከ73 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ለሆነ ኮዳ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከዚህ ይቀጥናል፤ ኮብልስቶን ላይ ሲደርስ ዘሎ ይወጣና ከኋላ በሚመጣው ባጃጅ ሥር ይገባል። ወገቡን በከመነዳሪ ቁራጭ ሁለት ዙር ጠቅልሉት። የአንድ ሊትሩ ደግሞ አይገባም፤ ማቀፊያውን በግድ አትክፈቱት፣ አሉሚኒየም ሲታጠፍና ሲቀና ይሰበራልና።

መሪ ላይ መስቀል አሮጌ ፋሽን ነው። እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ተወዳዳሪዎች ቡሽ የተወተፈባቸውን የብረት ኮዳዎች ጥንድ ጥንዱን መሪው ፊት ለፊት ይሰቅሉ ነበር፤ ኋላ ነው ወደ ቴላዮው የወረደው። ፎቶ ላይ ያምራል። ግን 750 ሚሊ ሊትር ውሃ ሦስት ሩብ ኪሎ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከሰቀላችሁት መሪው ወደዚያ ይጎትታል። ጂሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው ዳገት ላይ፣ በዝግታ ስትወጡ በደንብ ይሰማችኋል። ለዚያ ጉዞ ግማሽ ሊትር ይበቃል። አጋሮ ድረስ ከሆነ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ባለ 750 ያዙ፤ ሁለተኛውን ከኮርቻው ሥር ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ላይ በዚያው ዘዴ እሰሩ። ለአንድ ሰዓት ጉዞ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር አስቡ።

ጀሪካን ለምትጭኑ አንድ ቃል። ባለ 20ው ጀሪካን ከኋላ ቆሞ ሲጫን ክብደቱ ወደ ላይ ከፍ ስለሚል ሳይክሉ በየኩርባው ያወላግዳል፤ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉ ሁለት ባለ 10ዎች ይሻላሉ። እስከ አፉ ሙሉት፤ ግማሽ ጀሪካን ውስጥ ውሃው እየተላጋ ፍሬን ስትይዙ ወደፊት ይገፋችኋል። የዕቃ መጫኛው እግሮች ከኋላ ጎማ ዳዶ ጋር የታሰሩ ከሆኑ ዳዶውን ከመነሳታችሁ በፊት አጥብቁ። የድሮው የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን ያንሸራትታል፤ ጭነት ሲጨመርበት ቁልቁለት ላይ ወርዶ መግፋት የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በሶ በማር በጥብጣችሁ የምትይዙ ልጆች አፈ ሰፊ ኮዳ ያዙ፣ በሶውንም በወንፊት አጥልሉ፤ ጓጉሎ ጡቱን ይደፍነዋል። ካደረ ይኮመጥጣል። ቤት እንደገባችሁ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ጡቱን አውልቃችሁ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ከፍታችሁም ደፍታችሁ አድርቁ። ሃይላንድ ላይ ግን የፈላ ውሃ አታፍሱ፣ ይጨማደዳል።